የአሜሪካን ባንኮች የጣላቸው ምን ነበር?

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ የመጠባበቂያው ገንዘብ ይቀነስ አይቀነስ የሚለው ክርክር በጦፈ ጊዜ አንድ አዛውንት አባላችን፣ «ያ ሁሉ ገንዘብ ያለው የአሜሪካ ባንክ ምን ነክቶት ነው የወደቀው? እስቲ መጀመሪያ እሱን ንገሩኝ» ብለው ጠይቀውን፣ በቂ መልስ ሳንሰጣቸው ስብሰባው ተበተነ። ዕዳችንን በዚህ ጽሑፍ እንክፈል።

በዚያ አገር እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ የቤት ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ ቆየ። አበዳሪው የሰውየውን ገቢ በቅጡ ሳይመረምር ያበድራል፤ ወዲያው ያንን ብድር ከሌሎች ብድሮች ጋር ደባልቆ ለሌላ ይሸጣል። ተበዳሪው ቢከፍል ባይከፍል እሱን ምን ቸገረው! ዋጋው መውረድ ሲጀምር ግን ጉዱ ወጣ። መስከረም 5 ቀን 2001 ዓ.ም. ሌማን ብራዘርስ ከ600 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ ኪሣራውን አስታወቀ።

ነገሩን እንዲያጣራ አሥር አባላት ያሉት መርማሪ ኮሚሲዮን ተቋቋመ። ከ700 በላይ ምስክሮችን አነጋግሮ በ2011 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሪፖርቱን ሲያወጣ ግን ሦስት ቦታ ተከፍሎ ነበር። በሊቀ መንበሩ በፊል አንጀሊደስ የሚመሩት ስድስቱ፣ ቀውሱ ሊቀር ይችል ነበር፣ ጥፋቱ የተቆጣጣሪዎች ማንቀላፋትና የባንኮች ድፍረት ነው አሉ። ፒተር ዋሊሰን ብቻቸውን ቆመው፣ መንግሥት ብዙ ሰው የቤት ባለቤት እንዲሆን ሲል የብድሩን መስፈርት በማላላቱ ነው አሉ። የቀሩት ሦስቱ ሁለቱንም አልተቀበሉም። በስፔይንና በአየርላንድም እኮ የቤት ዋጋ ንሯል፤ እዚያ የአሜሪካ የቤት ፖሊሲ ምን አገባው? ይልቅስ ከውጭ የጎረፈው ርካሽ ገንዘብ ይታይ ነው የሚሉት።

ለዚህ ጥያቄ የአቶ ዋሊሰን አሳብ አጥጋቢ መልስ ያለው አይመስለንም። የሦስቱም አሳብ ቢሆን ይጎድለዋል፤ ገንዘብ ስለረከሰ ብቻ ሳይመረምሩ አበድሩ ያለ የለምና።

እኛን ዕድርተኞችን በይበልጥ የሚነካን ግን የኤ.አይ.ጂ. ነገር ነው። ይህ ትልቅ የመድን ድርጅት፣ «ዕዳው ባይከፈል እኔ እከፍላለሁ» እያለ ለባንኮች ዋስትና ሸጠ። መዋጮውን በየጊዜው ይሰበስባል፤ ለክፉ ቀን የሚበቃ ገንዘብ ግን አላስቀመጠም። ሁሉም ባንድ ጊዜ አይበላሽም ብሎ ነበር የተማመነው። በኛ ሠፈርም ለቅሶ በየተራ ስለሚመጣ ነው ሣጥኑ የሚችለው፤ ወረርሽኝ የገባ ለትስ? የቤት ዋጋ በመላው አገር አብሮ ሲወርድ ለኤ.አይ.ጂ. የሆነበት ይኸው ነው። ሌማን በወደቀ ማግሥት መንግሥት 85 ቢሊዮን ዶላር አበድሮት ከድርጅቱ ድርሻ 80 በመቶ የሚጠጋውን ያዘ። በብዙ ነገር የተለያዩት ስድስቱም ሦስቱም፣ አደጋው ባንድ ቦታ መከማቸቱን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው ጽፈዋል።

እኛን ከመንገድ የሚያነሳ መንግሥት የለንም። ስለዚህ መጠባበቂያው ባለበት ይቆይ የምንል ነን፤ ይቀነስ የሚሉ አባላትም ምክንያታቸውን ይዘው ይምጡ። ገንዘብ ያዡ የሣጥኑን ሒሳብ ለመጪው ጉባኤ ያቀርባሉ።