«ዋሻ ቆፋሪ ነኝ»

ልጅ ሳለሁ ግቢያችን ውስጥ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር ዳር ቆሜ እመለከት ነበር። አንዱ ከታች ይቆፍራል፤ ሌላው ከላይ በገመድ አፈር ይስባል። ምሳ ሲቀርብ ባለገመዱ «እሱ ሳይወጣ አልበላም» አለ። ነገሩ ያን ጊዜ አልገባኝም። የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ የዊሊያም ሃኬትን ታሪክ ሳነብ ነው።

ሃኬት እ.ኤ.አ. በ1873 እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃም ተወለደ። ማንበብና መጻፍ አያውቅም፤ ከ20 ዓመት በላይ የኖረው ድንጋይ ከሰል በመቆፈር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ልዝመት ቢል እግረኛ ጦሩ «ዕድሜህ ገፍቷል» በሚል ሦስት ጊዜ መለሰው። ይሁንና በፈረንሳይና በቤልጅየም ግንባር ሁለቱ ወገኖች ምሽግ ለምሽግ ተፋጠው መላወሻ ስላጡ ውጊያው ከመሬት በታች ገብቶ ነበር። በጠላት ምሽግ ሥር ዋሻ መማስ፣ ፈንጂ መቅበር፣ ከዚያም ማፈንዳት። ለዚህ ሥራ ከከሰል ቆፋሪ የተሻለ ባለሙያ ከየት ይመጣል? በ1915 የመሐንዲስ ጦሩ ተቀበለው።

በጁን 1916 ዢቫንሺ በምትባል የሰሜን ፈረንሳይ መንደር ጀርመኖች ያፈነዱት ፈንጂ ሃኬትንና አራት ጓደኞቹን ዋሻ ውስጥ ቀበራቸው። ከ20 ሰዓት ቁፋሮ በኋላ ጠባብ ቀዳዳ ተከፈተች። ሃኬት ሦስቱን አሾልኮ አወጣ። አራተኛው፣ የ22 ዓመቱ ቶማስ ኮሊንስ፣ ክፉኛ ቆስሏል። ሃኬት መውጣት ሲችል «ዋሻ ቆፋሪ ነኝ፤ አስቀድሜ ሌሎቹን ማየት አለብኝ» ብሎ እምቢ አለ። ቀዳዳዋ እየጠበበች ሄደች፤ በመጨረሻም ዋሻው ተደረመሰ። ከውጭ አራት ቀን ሙሉ ቢቆፈርም አልተደረሰባቸውም። ሁለቱም ዛሬም እዚያው ናቸው።

ልብ በሉ፤ «ወታደር ነኝ» አላለም። እዚያ እንዲቀር ያዘዘው አዛዥ አልነበረም፤ ከከሰል ጉድጓድ ይዞት የመጣው የሙያው ሕግ ነው። ጦርነት ገዳይ ሊያደርገው ወደ መሬት ውስጥ አወረደው፤ እሱ ግን እዚያም የሥራ ጓደኛ ሆኖ ሞተ።

የቪክቶሪያ ክሮስ ኒሻኑን ባለቤቱ ከንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ እጅ ተቀበለች። በ2010 ደግሞ ዢቫንሺ ላይ የዋሻ ቆፋሪዎች መታሰቢያ ቆመ። ወጣቱ ኮሊንስ ግን ኒሻን የለውም፤ ስሙ ቲየፕቫል በተባለው ሐውልት ላይ ከ72,000 በላይ ስሞች መካከል ተቀርጿል። ያም ሆኖ ከሐውልቱም ከኒሻኑም የሚበልጥ አንድ ነገር አግኝቷል እላለሁ፦ በዚያ ጨለማ ውስጥ ብቻውን አልቀረም።