ቀባሪው ብዙ ነው፤ ጧሪውስ?

በዛሬው የታሪክ ቅኝታችን የምናነሳው ጉዳይ በየቤታችን ያለ፣ ነገር ግን እምብዛም የማንነጋገርበት ነው። እርሱም አረጋውያን ወላጆችን የመጦር ጉዳይ ነው። ስለ ወላጆች ሐቅ በየኹጥባው ብዙ ሰምተናል፤ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ግን ወላጆቻቸውን አጠገባቸው ሆነው ስለሚያስታምሙት ሰዎች፣ ማለትም ስለ ጧሪዎቹ እንነጋገራለን።

ከሂጅራው ታሪክ እንጀምር። እ.ኤ.አ በ622 ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ፣ አብረዋቸው የወጡት አቡበክር (ረ.ዐ) የነበራቸውን ገንዘብ በሙሉ ይዘው ነበር የሄዱት። ቤት ከቀሩት መካከል አባታቸው አቡ ቁሓፋ ይገኙበታል። አቡ ቁሓፋ በዕድሜ የገፉ፣ ዓይናቸውም የጠፋ ሽማግሌ ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ ገና እስልምናን አልተቀበሉም። ልጃቸው ቤተሰቡን ባዶ እጁን ትቶት የሄደ መስሏቸው ተጨነቁ። የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ) ይህን ባየች ጊዜ ጠጠር ለቅማ፣ አባቷ ገንዘብ ያስቀምጡበት በነበረው የግድግዳ ጎድጓዳ ውስጥ አኖረችው። በጨርቅም ሸፈነችውና የአያቷን እጅ ይዛ አስዳሰሰቻቸው። ሽማግሌው ይህን ያህል ከተወላችሁስ ደግ አድርጓል ብለው ተረጋጉ። አስማእ ይህን ያደረገችው አያቷን ለማረጋጋት ብቻ እንደነበር ራሷ መናገሯን ኢብኑ ኢስሐቅ ዘግበዋል።

ይህን ታሪክ ስንሰማ ልባችን የሚሄደው ዋሻው ውስጥ ወደነበሩት ሁለቱ ሰዎች ነው፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ ቤት ውስጥ ከዓይነ ስውር አዛውንት ጋር የቀረችውን ወጣት ልብ ያልናት ስንቶቻችን ነን? አስማእ ለአባቷና ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስንቅ ታዘጋጅ ነበር፤ የአያቷንም ጭንቀት ታስታግስ ነበር። ሁለቱም ሥራዎች በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ወደቁ። የአረጋዊ ጧሪ ሕይወት ያኔም እንዲህ ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ነው።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ መካ በተከፈተች ጊዜ፣ አቡበክር እኒህን አባታቸውን እየመሩ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ አመጧቸው። ነቢዩም ሽማግሌው በቤታቸው ቢቆዩ ኖሮ እርሳቸው ራሳቸው ይሄዱላቸው እንደነበር ለአቡበክር እንደነገሯቸው ተዘግቧል። አቡ ቁሓፋም በዚያን ዕለት ሰለሙ። የአንድን አገር ድል የጨበጠ መሪ ወደ አንድ አዛውንት ቤት ለመሄድ ፈቃደኛ መሆኑን ልብ በሉ።

ሌላው ታሪክ እኛን ሐበሾችን በቅርብ የሚነካ ነው። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በልጅነታቸው ያሳደጉት ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ስማቸው በረካ ይባል ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም ሐበሻዊት እንደነበሩ ይጽፋሉ። የነቢዩ እናት አሚና በአብዋእ ሲሞቱ፣ የስድስት ዓመቱን የቲም ወደ መካ የመለሱት እኒህ ሴት ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አድገው፣ መሪም ሆነው እየሄዱ ይጠይቋቸው ነበር። ነቢዩ ከሞቱ በኋላም አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ) ነቢዩ ያደርጉት እንደነበረው ኡሙ አይመንን ለመዘየር አብረው እንደሄዱ ሙስሊም ዘግበዋል። አንዱ በጊዜው ኸሊፋ ነበሩ፤ ሌላው ከእርሳቸው ቀጥሎ ኸሊፋ የሆኑት ናቸው። የመንግሥት ሥራ በዝቶብናል ብለው ሰው አልላኩባቸውም።

ውድ አድማጮቻችን፣ አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አማርኛችን ልጅ የሌለውን ሰው ሲገልጽ «ጧሪ ቀባሪ የለውም» ይላል። ሁለቱ ቃላት ተለያይተው አይነገሩም። የሚጦር ይቀብራል፤ የሚቀብርም ጦሮ ነው የሚቀብረው። መንግሥት ለሠራተኛው በስተርጅና የሚከፍለውን ገንዘብ «ጡረታ» ያልነውም ከዚሁ «መጦር» ከሚለው ቃል ወስደን ነው።

በቀድሞው ዘመን መጦር የብዙ እጅ ሥራ ነበር። በጎጃም ገጠር ልጅ፣ ምራት፣ የልጅ ልጅና ጎረቤት በአንድ ግቢ ዙሪያ ይኖሩ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሙስሊም ነጋዴዎች ከዓባይ ማዶ በጎጃሙ የባሶ ገበያ አልፈው እስከ ጎንደርና ምጽዋ ድረስ ሲራራ ይነግዱ ነበር። ለወራት ከቤት የሚርቅ ሰው አዛውንት እናቱን ለሌላ እጅ አደራ ብሎ መሄዱ የግድ ነው። ስለዚህ «ማን ይሄዳል? ማንስ ከሽማግሌው ጋር ይቀራል?» የሚለው ጥያቄ ዛሬ የመጣ አይደለም። ልዩነቱ ያኔ የሚቀሩት እጆች ብዙ መሆናቸው ነው።

ሕጉም ቢሆን ጉዳዩን አልዘነጋውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች ችግር ላይ ለወደቁ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ደንግጓል። ይህ ግዴታ በክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995ም ቀጥሏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ለመንግሥት ሠራተኛው ተደነገገ፤ በ2003 ዓ.ም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 715 ለግል ድርጅት ሠራተኞች ተዘረጋ። ነገር ግን ገበሬው፣ ሸማኔውና በጉልት የምትነግደው እናት የወር ደመወዝ ስለሌላቸው፣ አብዛኞቹ ከዚህ ውጭ ናቸው። ለእነርሱ ጡረታቸው ልጃቸው ነው።

በሌላ በኩል በከተሞቻችን እድር ተስፋፋ። እድር ትልቅ በረከት ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ድስት ይመጣል፣ ሰው ተሰልፎ ጀናዛ ይሸኛል። ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። ለሦስት ዓመት አልጋ ላይ የቆዩት እናት በሞቱ ዕለት መቶ ሰው የሚመጣ ከሆነ፣ በእነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ ልጃቸውን አንድ ሌሊት የተካት ማን ነበር? ከጧሪና ቀባሪ መካከል ቀባሪውን አደራጅተናል፤ ጧሪውን ግን ብቻውን ትተነዋል። የዛሬው ዋና ነገራችን ይህ ነው።

እስቲ መራዊን እንመልከት። መራዊ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ከ30 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ላይ፣ በዳንግላ መንገድ የምትገኝ ከተማ ናት። በአካባቢዋ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የቆጋ መስኖ ሥራ ጀምሮ ለብዙዎች እንጀራ ሆኗል። በዚያው ልክ ቀድሞ እጅ የሚፈታበት በጋ ዛሬ የሥራ ወቅት ሆኗል። ወጣቱ ለትምህርትና ለሥራ ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ይሄዳል። ከየአገሩ ብዙ እህቶች ዓረብ አገር ሄደው የሰው አዛውንት ያስታምማሉ፤ የራሳቸውን እናት ግን በስልክ ነው የሚጠይቁት። በ2006 ዓ.ም ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ150 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በተመለሱ ጊዜ፣ የብዙ አረጋውያን ቤት የሚተዳደረው በዚያ በሚላከው ገንዘብ እንደነበር በግልጽ ታይቷል።

በመራዊ አንዲት እህት እንዳለች እናስብ። እናቷ በግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆነዋል። ሁለት ወንድሞቿ በሌላ ከተማ ይነግዳሉ፣ በየወሩም ገንዘብ ይልካሉ። እርሷ ሌሊት ትነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች። ወንድሞቿ በዒድ ሲመጡ እናት «ልጆቼ መጡ» ብለው ይደሰታሉ፤ ዓመት ሙሉ ያጠበቻቸው ልጅ ቡና ታፈላለች። ማንም ክፉ አላደረገም፤ ነገር ግን ሐቅ ጠፍቷል። ገንዘብ የላከ ሰው ግዴታውን ጨረሰ ማለት አይደለም። በሱረቱል ኢስራእ ለወላጅ በጎ መዋል አላህን ከመገዛት ጎን ተያይዞ ሲታዘዝ፣ ትእዛዙ ለአንዲት ሴት ልጅ ብቻ አልወረደም።

በቅርቡ ደግሞ ሸክሙ ከብዷል። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተከሰተው ግጭት መንገድ በሚዘጋባቸው ቀናት ለመድኃኒት ባሕር ዳር መድረስ አስቸጋሪ ሆኗል። መራዊም በ2016 ዓ.ም ጥር ወር የንጹሐን ሕይወት ያለፈበትን መራራ ሐዘን አይታለች። እንዲህ ባለ ቀን እግር ያለው ሊሸሽ ይችላል። አልጋ ላይ ያሉት እናትና አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጅ ግን የትም አይሄዱም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ለጧሪዎቹ የሚረዱ ጥቂት ነገሮችን እንጠቁም።

መነሳት የማይችል አረጋዊ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ሊቀየር ይገባል። ተረከዙ፣ ዳሌውና የጀርባው ታችኛ አጥንት በየቀኑ ይታዩ። ቆዳው ቀልቶ የማይመለስ ከሆነ የመኝታ ቁስል መጀመሪያ ነውና፣ ያንን ቦታ ሳታሹ ከጫና አሳርፉት፤ የጤና ባለሙያም ይየው። አንሶላው ደረቅና ያልተጨማደደ ይሁን። ስትመግቡ ቀና አድርጋችሁ፣ በትንሽ በትንሹ ይሁን፤ ከምግብ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብለው ይቆዩ። ሽማግሌ ውኃ ጥም ቶሎ አይሰማውምና ሳይጠይቅ ስጡት።

ከመኝታ እስከ መጸዳጃ ያለው መንገድ ሌሊት መብራት ይኑረው፤ የሚያደናቅፍ ነገርም ይነሳ። የአጥንት ስብራት ለአዛውንት ቀላል ጉዳት አይደለም። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ተሻለኝ ተብሎ አይቋረጥም። የመድኃኒቶቹን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ መንገድ ሊዘጋ በሚችልበት ጊዜም ሳያልቅ በፊት ባለሙያውን አማክራችሁ መጠባበቂያ ያዙ።

ሁሉንም ነገር «እርጅና ነው» ብለን አንለፈው። በ1998 ዓ.ም በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ ምክንያት የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። የዓይን ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። ስንት አባት ዓይናቸው ሊበራ ሲችል በጨለማ ተቀምጠው ይሆን? ትናንት ደህና የነበሩ እናት ዛሬ በድንገት ቢቀባዥሩ፣ ኢንፌክሽን ወይም የውኃ እጥረት ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ቀስ በቀስ የሚመጣው የመርሳት ሕመም ግን ሌላ ነው፤ አንዱን ጥያቄ አሥር ጊዜ ቢጠይቁ አሥር ጊዜ በእርጋታ መመለስ እንጂ መከራከር አይጠቅምም።

በኢባዳም ጉዳይ ዲናችን ገር ነው። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ ተጋድሞ ይሰግዳል። ውኃ የሚጎዳው ተየሙም ያደርጋል። በእርጅና ምክንያት መጾም የማይችል ሰው ለእያንዳንዱ ቀን ድኻ ያበላል። ዝርዝሩን የአካባቢያችሁን ዐሊም ጠይቁ። ሲታጠቡ ሐፍረታቸው ይጠበቅ፤ ቢቻል አባትን ወንድ ልጅ፣ እናትን ሴት ልጅ ትጠብ። ማንኛውንም ነገር ከማድረጋችን በፊት እንንገራቸው፣ እንጠይቃቸው። አስማእ የአያቷን እጅ ይዛ እንዳስዳሰሰች፣ የእኛም እጅ በድንገት የሚያስደነግጥ አይሁን።

ቀጥሎ ለቀረው ቤተሰብ። ወንድሞችና እህቶች በአንድ የዒድ ቀን ተቀምጠው ሥራውን ሁሉ በወረቀት ይዘርዝሩ። ማን ያጥባል? ማን ሐኪም ቤት ይወስዳል? ሌሊቱን ማን ያድራል? የሩቁ ሰው በዓመት ጥቂት ሳምንታት መጥቶ ጧሪዋን ይተካት፤ በየሳምንቱም ቢያንስ አንድ ቀን የምታርፍበት ይመደብላት። ማረፍ ከወላጅ መሸሽ አይደለም። የደከመ ሰው ይነጫነጫል፤ ሳያስበውም የከፋ ቃል ይወጣዋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ጎረቤታችን ደቡብ አቸፈር ነበር። የአባልነት መዋጮውን በወቅቱ መክፈል የሩቁ ወንድም ድርሻ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም ለጀመዓዎቻችንና ለእድሮቻችን። የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በከፋበት ዘመን ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው በየቤቱ ሕሙማንን ማስታመም ጀምረው ነበር። ልምዱ አለን ማለት ነው። ዛሬም የየሰፈሩ እድር አልጋ ላይ ያሉ አረጋውያንን ስም ቢመዘግብ፣ በየተራም ሁለት ሁለት ሰው እየመደበ ለጥቂት ሰዓት ጧሪዎቹን ቢተካ፣ ምንም ተጨማሪ መዋጮ አይጠይቅም። ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ያንኑ ሰው ማሰለፍ ብቻ ነው።

ውድ ወገኖቻችን፣ አቡበክርና ዑመር ኡሙ አይመንን የዘየሩት በሕይወት ሳሉ ነው። እኛም ይህን ካነበብን በኋላ በሰፈራችን አንድ በር እናንኳኳ። አዛውንቷን ሰላም ካልን በኋላ ፊታችንን ወደ ልጅቷ አዙረን «ዛሬ እኛ እንቀመጣለን፤ አንቺ ትንሽ ተኚ» እንበላት።

አላህ ለጧሪዎች ሁሉ ብርታትን፣ ለአረጋውያኖቻችን ዓፊያን፣ ለአገራችንም ሰላምን ይስጥልን። አሚን።