ሰይፉ ወደ ሰገባው ሲመለስ፦ የሞት ፍርድና ምሕረት በአገራችን

ክርስቲያን የሞት ፍርድን መደገፍ አለበት ወይስ መቃወም? አንዳንዶቻችን ዘፍጥረት 9፥6ንና ሮሜ 13ን እንጠቅሳለን። ሌሎቻችን ደግሞ ወንድሙን የገደለውን ቃየንን ማንም እንዳይገድለው እግዚአብሔር ራሱ ምልክት እንዳደረገለት እናስታውሳለን። የአገራችን ታሪክም በዚህ ጉዳይ የሚያስተምረን አለው።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮችን አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኰንንን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ረሸነ። ክስ አልተነበበም፤ ጠበቃ አልቆመም፤ ይግባኝ አልነበረም። ያ እጅ ቤተ ክርስቲያንንም አልማረም። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ታፍነው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው በ1984 ነው። ሮሜ 13 ለባለሥልጣን ሰይፍ የሰጠው ክፉ አድራጊውን እንዲቀጣ ነው። ሳይመረምር የሚመዝዘው ግን ራሱ ክፉ አድራጊ ይሆናል።

ደርግ ከወደቀ በኋላ መሪዎቹ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ከ1987 የጀመረው ችሎት ዓመታት ፈጀ፤ ምስክር ተሰማ፤ ሰነድ ተገለጠ። በ1999 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ ሞት አከበደው። የሃይማኖት መሪዎች ምሕረት ጠየቁ፤ በ2003 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የእስረኞቹን የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡት።

ልብ እንበል፤ ምሕረቱ ፍርዱን አልሰረዘም። ጥፋተኛነቱ በመዝገብ ጸንቷል፤ የቀረው ግድያው ብቻ ነው። በጌታ አጠገብ የተሰቀለው ወንበዴም ቅጣቱ እንደሚገባው አምኖ ነበር ምሕረት የለመነው። እውነት ሳይነገር የሚሰጥ ምሕረት ቁስልን ሳያጥቡ መሸፈን ነው።

እኔ መንግሥት ሰይፍ የለውም አልልም። ነገር ግን ሰው የሚፈርደው ፍርድ ይሳሳታል፤ የታሰረ ይፈታል፤ የተገደለ ግን አይመለስም። ስለዚህ ሰይፉ በሰገባው ቢቆይ እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። መንግሥት ቅጣት ማቅለል ይችላል፤ በሟች እናት ስም ይቅር ማለት ግን አይችልም። እኛ አገልጋዮችም አንችልም። «ይቅር በዪ» ብለን ከመቸኮላችን በፊት አጠገቧ ተቀምጠን እናልቅስ፤ የሟቹን ስም ስትጠራ እንስማት። ልብን ለይቅርታ የሚያዘጋጀው መንፈስ ቅዱስ ነው።

ፍርድንና ምሕረትን በመስቀሉ ያገናኘ ጌታ አገራችንን ይባርክ። አሜን።