መጠይቁና ጠያቂው፦ የሕፃናት የአእምሮ ጤና መመዘኛዎች አጭር ታሪክ

በሕፃናት የአእምሮ ጤና አገልግሎት ስለ መመዘኛ ቅጾች ብዙ ይነገራል፤ ቅጹን ስለሚይዘው ባለሙያ ሥልጠና የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። የመመዘኛዎቹ ታሪክ እንደሚያሳየው ጥቅማቸውም ጉዳታቸውም በእጅጉ የተመካው በዚሁ በባለሙያው ላይ ነው። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 ያወጣው የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ዓላማው ውሱን ነበር፤ በትምህርት ቤት ልዩ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ሕፃናት ለመለየት ነው። ቢኔ መለኪያው እንደ ሚዛን በራሱ የሚሠራ አለመሆኑን፣ ውጤቱን ማመዛዘን የመርማሪው ኃላፊነት መሆኑን አስገንዝቧል። መለኪያው ወደ አሜሪካ ሲሻገር ግን ማሳሰቢያው ተዘነጋ። በ1913 የሄንሪ ጎዳርድ ረዳቶች ለፈረንሳይ ተማሪዎች በተዘጋጀው መለኪያ በኤሊስ ደሴት አዲስ የገቡ ስደተኞችን በአስተርጓሚ መረመሩ። በ1917 በታተመው ውጤት ከተመረመሩት አብዛኞቹ «የአእምሮ ደካሞች» ተባሉ። ረዳቶቹ የአሠራሩን ሥልጠና ወስደው ነበር፤ የጎደላቸው የመለኪያውን ወሰን ማወቅ ነው።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ማይክል ራተርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ በዋይት ደሴት የተሻለ ሥርዓት አሳዩ። በቅድሚያ ወላጆችና መምህራን መጠይቅ ሞሉ፤ ቀጥሎም በመጠይቁ የተለዩትን ሕፃናት የሠለጠኑ ሐኪሞች በቃለ መጠይቅ መረመሩ። መጠይቁ አጣራ እንጂ አልበየነም።

የዓለም ጤና ድርጅት በሱዳን፣ በፊሊፒንስ፣ በሕንድና በኮሎምቢያ ባካሄደውና በ1981 በታተመው ጥናት ደግሞ ለመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት የሚሆን አሥር ጥያቄዎች ያሉት አጭር መጠይቅ ሥራ ላይ ዋለ። ልጁ እንቅልፍ ይነሣዋልን? ከቤት ይጠፋልን? ይሰርቃልን? በላዩ ላይ ይሸናልን? የሚሉ ናቸው። ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ። ሆኖም የአምስት ዓመት ሕፃን መሽናትና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መሽናት አንድ አይደለም፤ እናትም ጎረቤት በተቀመጠበት «ልጄ ይሰርቃል» ብላ ላትመልስ ትችላለች። ይህን ለይቶ የሚያውቀው ጠያቂው እንጂ ቅጹ አይደለም።

በአገራችንም ይኸው መጠይቅ በአምቦ ወረዳ ተሠርቶበት፣ በ1999 በታተመው ጥናት 17.7 በመቶ የሕፃናት የጠባይ ችግር ተመዘገበ። በቡታጅራ በተዋቀረ የምርመራ ቃለ መጠይቅ ተካሂዶ በ2001 የታተመው ጥናት ግን 3.5 በመቶ አሳየ። ቦታውና ናሙናው መለያየቱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ሁለቱ መሣሪያዎች የሚመልሱት ጥያቄም አንድ አይደለም፦ የመጀመሪያው ተጨማሪ ምርመራ የሚሻውን ይጠቁማል፤ ሁለተኛው ሕመሙን ለመወሰን ይጠይቃል። ይህን ልዩነት ያልተማረ ባለሙያ ጥቆማውን እንደ ሕመም ቆጥሮ በሕፃኑ ላይ ስም ሊለጥፍበት ይችላል።

ስለዚህ ሥልጠናችን ቅጽ አሞላልን በማስተማር ብቻ ሊወሰን አይገባም። ሠልጣኞች አንድን ቃለ መጠይቅ አብረው ተከታትለው፣ ነጥባቸውን ለየብቻ ሰጥተው፣ የተለያዩበትን ምክንያት ሊወያዩበት ይገባል። መጠይቁ የት ላይ እንደሚያበቃና ሕፃኑ መቼ ወደ ከፍተኛ ባለሙያ መላክ እንዳለበትም የሥልጠናው አካል መሆን አለበት።