ማክሮ ፎቶግራፊ፦ የቅርበት ፎቶ

«ማክሮ» የሚለውን ቃል አብዛኞቻችን የምናውቀው ከኢኮኖሚ ዜና ነው። በፎቶግራፍ ሙያ ግን ትንንሽ ነገሮችንና የዕቃዎችን ገጽ በጣም ተጠግቶ የማንሳት ጥበብ መጠሪያ ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «ትልቅ» ማለት ነው፤ ትልቅ የሚሆነው ግን ነገሩ ሳይሆን ምስሉ ነው። በጥብቅ ትርጉሙ፣ በካሜራው ሴንሰር ላይ የሚያርፈው ምስል ቢያንስ የነገሩን የራሱን መጠን ማከል አለበት። አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የምትረዝም የጤፍ ፍሬ 36 በ24 ሚሊ ሜትር በሆነ ሴንሰር ላይ በዚያው ልክ ታርፋለች። ፎቶው 36 ሳንቲ ሜትር ወርድ ባለው ወረቀት ሲታተም ግን አንድ ሳንቲ ሜትር ትሆናለች።

በአማርኛ «የቅርበት ፎቶ» ብንለው እመርጣለሁ። «አጉሊ ፎቶ» ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን በማይክሮስኮፕ ከሚነሳው ጋር ያምታታል።

ጥበቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ካርል ብሎስፌልት በርሊን ውስጥ የጌጥ ቅርጽ ሲያስተምር ተራ የመንገድ ዳር ዕፅዋትን ራሱ በሠራው ካሜራ እያጎላ ያነሳ ነበር። በ1928 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የእነዚህ ፎቶዎች መጽሐፍ ስሙን አስጠራው።

መቅረብ ብቻውን ግን የገጽን ሸካራነት አያወጣም። ዋናው ብርሃኑ የሚመጣበት አቅጣጫ ነው። ብርሃን ፊት ለፊት ሲያርፍ ጉብታውም ጉድጓዱም እኩል ስለሚበራ፣ ዓይኑ ያማረ እንጀራ እንኳ ልሙጥ መስሎ ይወጣል። ከጎን ዝቅ ብሎ ሲገባ ግን የእያንዳንዱ ዓይን ጠርዝ ጥላ ይጥላልና ጥልቀቱ ይታያል። የብራና መጻሕፍትን የሚመረምሩ ባለሙያዎችም በዚሁ ዘዴ ይጠቀማሉ። ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት በወስፌ ጠቁሞ ያሰመረው መስመር ቀለም የለውም፤ የጎን ብርሃን ሲያገኝ ግን ከዳር እስከ ዳር ቁልጭ ይላል። በቆዳው ላይ የቀሩት የጠጉር ሥሮች ነጠብጣቦችም አብረው ይወጣሉ፤ የትኛው ገጽ የጠጉሩ ወገን እንደነበር የሚለየውም በእነሱ ነው። እኔን ወደዚህ ጥበብ የሚስበኝ ይህ ነው፦ የሠራተኛው እጅ ያለፈበትን መንገድ ያሳያል።

አስቸጋሪው ነገር የጥራቱ ጥልቀት ነው። በዚህ ቅርበት ጥርት ብሎ የሚታየው ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ብዙ ጊዜም ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል። ስለዚህ ጠፍጣፋ ገጽ ሲነሳ ሌንሱ ቀጥ ብሎ እንዲገጥመው ማድረግ ያስፈልጋል፤ ትንሽ ቢያዘነብል አንደኛው ዳር ይደበዝዛል።

ለመጀመር ስልክ ይበቃል። ፍላሹን አጥፍታችሁ ዕቃውን መስኮት አጠገብ አኑሩት። ስልኩም ምስሉ እስኪጠራ ድረስ ትንሽ ራቅ ይበል፤ ከመጠን በላይ ከቀረበ አይጠራም። በየቤታችን ያሉ መሶቦችና ጥበቦች ከሩቅ ብዙ ጊዜ ተነሥተዋል። የስፌታቸው አያያዝና የድርና ማጋቸው አጠላለፍ ግን ከሩቅ አይታይም። እባካችሁ ዕቃው ሳያረጅ፣ የሠራው ሰውም በሕይወት እያለ፣ ቀርባችሁ አንሡት፤ የባለሙያውንም ስም ከፎቶው ጋር ጻፉ።