ሳቁ የማን ነው?

በጃፓን ኒፖን ቲቪ ከ1978 ጀምሮ (ዓመቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው) በየዓመቱ የ24 ሰዓት የበጎ አድራጎት ፕሮግራም ያስተላልፋል፤ መፈክሩ «ፍቅር ምድርን ያድናል» ነው። አካል ጉዳተኛው ተራራ ይወጣል፣ ተመልካቹ ያለቅሳል።

ነሐሴ 2016 ላይ ይኸው ፕሮግራም እየተላለፈ ሳለ፣ በኤንኤችኬ አካል ጉዳተኞች የሚሠሩት «ባሪባራ» የተባለ ትርኢት በቢጫ ካናቴራ ብቅ አለ፦ «ሳቅ ምድርን ያድናል»! አስለቃሽ ፊልም እንዴት እንደሚፈበረክ እየተጫወቱ አሾፉበት። የአውስትራሊያዊቷን ኮሜዲያን የስቴላ ያንግን ንግግርም አሳዩ።

ስቴላ በዊልቸር የምትሄድ ነበረች። ሜልበርን ውስጥ ስታስተምር፣ ትምህርቱ ከተጀመረ 20 ደቂቃ ቆይቶ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ንግግርሽን መቼ ነው የምትጀምሪው አላት። የምን ንግግር? ያው የማነቃቂያውን ነዋ! ልጁ በዊልቸር የመጣ ሰው መምህር ይሆናል ብሎ አልጠበቀም። እሷ ይህን መድረክ ላይ ስታወራው ሰዉ ሳቀ፤ የተሳቀው ግን በእሷ አይደለም፣ በልጁም እንኳ አይደለም፣ እንዲያ እንዲጠብቅ ባደረገው ልማድ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ በሰማኋቸው ቀልዶች ዕውሩ ሁሌ የሚሳቅበት ነበር፤ ቀልዱን የሚያወራው ሌላ ሰው ነዋ።

ስቴላ የጃፓኑን ትርኢት አላየችውም። በ2014 መጨረሻ በ32 ዓመቷ አርፋ ነበር።