ቆቦ ስር የተቀበረው ተራራ

ከወልዲያ ወደ ቆቦ ስትሄዱ መስኮት ዳር መቀመጥ ነው የሚያዋጣው። በግራ የላስታ ተራራ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ በቀኝ የዞብል ሰንሰለት አፋርን ይጋርዳል፤ መሃሉ ላይ የማሽላና የጤፍ ሜዳ ተዘርግቷል። እስቲ ጥንታዊውን ተራራ አሳዩ ብትባሉ ወደ ግራ ነው የምትጠቁሙት። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። ለካስ የላስታ ተራራ በድንጋይ ዕድሜ ሲለካ ገና ጎረምሳ ነው። ሽማግሌው ከእግራችን በታች ተቀብሯል።

ታሪኩን ከስም ልጀምር። ጂኦሎጂ የሚያጠና ጓደኛ ካላችሁ «አሸንጌ» እና «መቅደላ» በሉትና ፊቱን እዩት። እናንተ ሐይቅና አምባ ሲታያችሁ እሱ የሚያስበው ድንጋይ ነው። የሰሜን ኢትዮጵያ ጥቁር ድንጋይ ንብርብሮች ለረጅም ጊዜ የተጠሩት በእነዚህ ስሞች ነውና። ስሙን ያወጣው ዊልያም ቶማስ ብላንፎርድ የሚባል፣ በሕንድ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረ እንግሊዛዊ ነው። የመጣው ደግሞ ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር፣ ያ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ፍለጋ ሲዘምት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ወታደሩ መጻሕፍትና ዘውድ ሲጭን ብላንፎርድ ማስታወሻውን ይዞ ተመለሰና በ1870 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን አሳተመ። የድንጋዮቻችን የክርስትና ስም የወጣው በጦር ሰልፍ ላይ ነው ማለት ይቻላል። እኔ በበኩሌ ይሄን ሳውቅ ደስም አላለኝም፣ አልከፋኝምም፤ ግን ገረመኝ።

የሰውየው ዕድል የመንገዱ ነበር። ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነስቶ ወደ ሰንዓፌ ሲወጣ ያገኘው የታጠፈና የተጨመቀ አሮጌ ድንጋይ ነው። አዲግራት ላይ በዚያ አሮጌ ድንጋይ ላይ የተነጠፈ አሸዋ ድንጋይ አየ፤ እንጣሎ ላይ ኖራ ድንጋይ፤ አሸንጌ ላይ ጥቁር ድንጋይ፤ ከዚያ በላይ የመቅደላው። ወደ ደቡብ በሄደ ቁጥር ወደ አዲስ ዘመን እየወጣ ነበር። ጦሩ ደጋ ደጋውን ስላለፈ ግን ወደ ቆቦ ሜዳ አልወረደም። ቢወርድ ኖሮ የታሪኩን ቀጣይ ክፍል ያገኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ሽማግሌው። (ሚሊዮን ዓመት ሲባል እኔም እንደናንተው ይዞርብኛል፤ ታገሱኝ።) ከ800 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚህ አካባቢ ምድር ሳይሆን ባሕር ነበር፤ ሳይንቲስቶች የሞዛምቢክ ውቅያኖስ ይሉታል። በውስጡ እንደ ዛሬዋ ኢንዶኔዥያ እሳተ ገሞራ የሚተፉ ደሴቶች ተሰልፈው ነበር። ውቅያኖሱ እየጠበበ ሲሄድ ደሴቶቹ እርስ በርስ ተላተሙ፤ በመጨረሻ ከ650 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሁለት ግዙፍ አህጉራዊ ክፍሎች ገጥመው በመሃላቸው ያለውን ሁሉ ጨመቁት። ከዓረቢያ እስከ ሞዛምቢክና ማዳጋስካር የሚዘረጋ፣ ከሂማላያ ጋር የሚነጻጸር የተራራ ሰንሰለት ተነሳ። ጭቃው፣ ኖራው፣ የእሳተ ገሞራው አመድ ወደ ታች ተገፍቶ በሙቀትና በግፊት ማንነቱን ለወጠ። ትምህርት ቤት «ልውጥ አለት» ተብሎ የተማርነው ይሄ ነው። በሰሜን፣ በትግራይ በኩል፣ ለውጡ ለዘብ ያለ ስለሆነ የባሕሩ ጭቃ ዛሬም ይለያል። ሁላችንም በመስጊዱ የምናውቃት ነጋሽ የተቀመጠችው በዚያ በታጠፈ የባሕር ደለል ላይ ነው። በደቡብ በኩል ድንጋዩ በጥልቀት ስለተቀበረ ይበልጥ በስሏል፤ የአዶላ ወርቅ የዚያው ሰንሰለት ልጅ ነው።

ያ ሁሉ ተራራ የት ገባ? ዝናብና ወንዝ በላው። ተላግቶ ተላግቶ ሜዳ ሆነ፤ በሜዳው ላይ አሸዋ ተነጠፈ፣ ባሕር ገብቶ ወጣ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ደግሞ መሬት ተሰንጥቃ ቅልጥ ድንጋይ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ፤ አብዛኛው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ። አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የላስታ ተራራ፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ድንጋይ ጭምር፣ ከዚያ ዘመን እሳት የመጣ ነው።

ከዚያ ዓረቢያ ከአፍሪካ መለየት ጀመረች፤ አፋር ሰመጠች። የደጋው ጠርዝ ሲሰነጠቅ ከዞብልና ከላስታ መሃል ያለው ቁራጭ ወደ ታች ተንሸራተተ። ጂኦሎጂስቶች «ግራበን» ይሉታል፤ እኛ ቆቦ እንለዋለን። ነገሩ አላለቀም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በዚሁ ጠርዝ ወደ ደቡብ፣ ካራቆሬ አካባቢ በተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተከፈተ፤ እስከ 8 ሜትር የሰፋበት ቦታ ነበር።

ቆቦን ቆቦ ያደረጋት ግን የሰመጠችው ጉድጓድ መሙላቷ ነው። ጎሊና፣ ሆርማት፣ አለውሃ ከደጋው አፈርና ጠጠር ይዘው ይወርዳሉ። ዛሬ ማሽላ የሚበቅልበት ደለል በየቦታው ከመቶ ሜትር በላይ ይወፍራል፤ የቆቦ–ጊራና ጥልቅ ጉድጓዶች የሚስቡት ውሃም በዚያው ጠጠር መሃል የተጠራቀመ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም በጠብታ መስኖ የሚያለማው ወጣት የሚጠቀመው ደጋ ላይ የወረደ ዝናብ ነው። የላስታ ገበሬ ደግሞ በየክረምቱ ማሳው ይሳሳል፣ ድንጋዩ ይወጣበታል። ስለ ቆላው መስኖ ስናወራ ደጋውን የሌላ ወረዳ ጉዳይ አድርገን መተዋችን አይገባኝም። ላይ እርከን ካልተሠራ ታች የሚመጣው ውሃ ሳይሰርግ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚያልፈው።

ሆርማት አጠገብ ማሳቸውን የሚያሳዩኝ አንድ አባት ነበሩ። ወንዙ ደረቅ ነው፤ አሸዋ ብቻ። «ጎርፉ መቼ ነው የሚመጣው?» አልኳቸው።

«እዚህ ሲዘንብ አይደለም ልጄ። ያኛው ሲጠቁር ነው» አሉና በእጃቸው ወደ ላስታ አሳዩኝ። ሌሊትም ቢሆን ወጥተው ጎርፉን ጠልፈው ወደ ማሳ ይመልሱታል። ያለፈው ክረምት ጎርፍ የጥንድ በሬ ቦታ የሚይዝ ጥቁር ድንጋይ ማሳቸው መሃል ጥሎባቸው ሄዷል። ዙሪያውን አርሰው ማሽላ ዘርተውበታል።